የዩኩሌሌ መቃኛ ስትቀይሩ መጀመሪያ ቀዳዳውን ለኩ

ዩኩሌሌ፣ ማለትም ጊታር የምትመስል ትንሽ ባለ አራት ክር መሣሪያ፣ ያለው ሰው አንድ ቀን መማረሩ አይቀርም። ቃኝቶ ይቀመጣል፣ ሁለት ዘፈን ሳይጨርስ አንዱ ክር ወርዷል። መልሶ ይቃኛል፣ መልሶ ይወርዳል። በመጨረሻ «ችግሩ መቃኛው፣ ክሩን የሚወጥረው መዞሪያ ነው፣ ቀይሬው ልገላገል» ይላል። እውነቱን ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል።

እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ የቀየርኩት በንዴት ነበር። ቆንጆ ባለጥርስ፣ ማለትም በማርሽ የሚዞር መቃኛ አዘዝኩ፣ እስኪመጣ ቀን ቆጠርኩ፣ መጣ፣ የድሮውን በጉጉት ነቃቅዬ ጣልኩ፣ አዲሱን ልከተው ስል ቀዳዳው ጠበበው። ገፋሁት። አልገባም። ከዚያ የሠራሁትን ጉድ ወደ ታች እነግራችኋለሁ። ብቻ ከዚያን ቀን ወዲህ መቃኛ የምመርጠው እንጨቱ ላይ ባለው ቀዳዳ ነው፤ መልኩና ስሙ ከዚያ በኋላ ይመጣሉ። ቀዳዳውን ለመቃኛው ከማስፋት ለቀዳዳው የሚሆን መቃኛ መፈለግ ይቀላል፣ ያዋጣልም።

ጥፋተኛው በእርግጥ መቃኛው ነው?

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ይህችን ሙከራ ሞክሩ። ዩኩሌሌውን በደንብ ቃኙ። ክሩ የሚጠመጠምበት ዘንግ አናት ላይ በቀጭን እስክሪብቶ አንድ ነጥብ አድርጉ። ከአጠገቡ እንጨቱ ላይ ትንሽ የወረቀት ፕላስተር ለጥፉና ከዘንጉ ነጥብ ትይዩ ሌላ ነጥብ አድርጉ። አራቱንም እንዲሁ። ከዚያ አንድ ሁለት ሰዓት ተጫወቱበት፣ ግን መቃኛውን አትንኩ። ስትመለሱ ሁለቱ ነጥቦች ተለያይተው ካገኛችኋቸው መቃኛው እየተንሸራተተ ነው። ነጥቦቹ እንደነበሩ ሆነው ድምፁ ብቻ ከወረደ ግን መቃኛው ንጹህ ነው፣ በከንቱ አትወንጅሉት።

መቃኛው ነጻ ከወጣ ቀጣዩ ተጠርጣሪ ክሩ ራሱ ነው። የዩኩሌሌ ክር ብዙውን ጊዜ ናይለን ወይም ፍሎሮካርቦን ነው፣ በተለይ ናይለን አዲስ ሲሆን ለቀናት ይለጠጣል። ትናንት የታሰረ ክር ዛሬ ቢወርድ አይግረማችሁ። ብሪጁ ላይ፣ ማለትም ክሮቹ ከታች በኩል በሚታሰሩበት እንጨት ላይ ያለው ቋጠሮም ቀስ እያለ እየጠበቀ ክር ሊለቅ ይችላል። ሌላው ነት የሚባለው ነው፤ ክሮቹ ከአንገቱ ወደ ራሱ፣ ማለትም መቃኛዎቹ ወደተተከሉበት የላይኛው ጫፍ ሲሻገሩ የሚያርፉበት ባለስንጥቅ ቁራጭ። ስትቃኙ ድምፁ በቀስታ ከመውጣት ይልቅ «ጢን» ብሎ ዘሎ ከወጣ ክሩ ስንጥቁ ውስጥ እየተቀረቀረ ነው። ክሩን አላሉት፣ ስንጥቁን በተሳለ እርሳስ ደህና አድርጋችሁ አጥቁሩት፣ መልሳችሁ ቃኙ። የእርሳሱ ዱቄት ያንሸራትተዋል።

ነጥቦቹ ቢለያዩም ወዲያው ወደ ገበያ አትሩጡ። ፍሪክሽን መቃኛ ከሆነ፣ ማለትም እጀታው በቀጥታ ወደ ኋላ የቆመው ጥርስ የሌለው ዓይነት፣ እጀታው ጫፍ ላይ ትንሽ ብሎን አለች። ሩብ ዙር አጥብቋት። ካልበቃ ሌላ ሩብ ዙር። ብዙ ጊዜ ነገሩ እዚሁ ያልቃል። ባለጥርስ ከሆነ ደግሞ ከፊት ለፊት ያለው ዳዶ ላልቶ፣ ወይም ከኋላ የያዙት ትንንሽ ብሎኖች ተፈተው ሊሆን ይችላል።

መቀየር ያለበት መቃኛ በግልጽ ይታወቃል። ፕላስቲኩ ተሰንጥቋል፣ ወይ ጥርሱ ተበልቶ እጀታው እየዞረ ዘንጉ አይዞርም፣ ወይ ብሎኗን ስታጠብቁ ጭራሽ ይቆልፋል፣ ስታላሉ ጭራሽ ይለቃል፣ መሃል የለውም። ከዚህ ሌላ አንድ ምክንያት አለ፣ እሱም መሰላቸት ነው። ፍሪክሽኑ ደህና ሆኖ ሳለ ለመቃኘት ትዕግሥት ካጣችሁ ቀይሩት። ማንም አይፈርድባችሁም።

ምን ዓይነት አለ፣ የትኛው ይሻላል

የዩኩሌሌ መነሻ እ.ኤ.አ. በ1879 ራቨንስክራግ በምትባል መርከብ ከማዴይራ ደሴት ወደ ሃዋይ፣ ሆኖሉሉ የተሻገሩ ፖርቱጋላውያን ናቸው። ከእነሱ መካከል ሦስት የእንጨት ባለሙያዎች፣ ማኑዌል ኑኔስ፣ ኦገስቶ ዲያስና ዦዜ ዶ ኤስፒሪቶ ሳንቶ፣ ማሼት ከተባለው የአገራቸው ትንሽ ባለክር መሣሪያ ተነስተው ሃዋይ ውስጥ ይህን መሣሪያ ሠሩ። የያኔዎቹ መቃኛ እንደ ቫዮሊን ከጫፉ ቀጠን የሚል እንጨት ብቻ ነበር። ዛሬም እንዲህ ያለ ዩኩሌሌ አልፎ አልፎ ይገኛል። እጃችሁ ላይ ያለው የቆየ ዕቃ ከሆነ እባካችሁ መሰርሰሪያ አታስጠጉት። መቃኛው ሲያንሸራትት ጠመኔ፣ ሲደርቅና ሲንቋቋ ደረቅ ሳሙና ቀቡት፣ ይበቃዋል።

ዛሬ ገበያ ላይ ያሉት በዋናነት ሦስት ናቸው፤ ፍሪክሽን፣ ባለጥርስና ፕላኔተሪ። ልዩነታቸው የሚገባችሁ በቁጥር ነው። ክሩ የሚጠመጠምበት ዘንግ ውፍረት 6 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። ዙሪያው 19 ሚሊ ሜትር ገደማ ይመጣል። ፍሪክሽን ላይ እጀታው አንድ ዙር ሲዞር ዘንጉም አንድ ዙር ይዞራል፣ 19 ሚሊ ሜትር ክር ይጠቀለላል። እጃችሁ ለዓመል ያህል፣ 10 ዲግሪ ብቻ ብትነቃነቅ ግማሽ ሚሊ ሜትር ክር ተሳበ ማለት ነው። በአጭር ክር ላይ ይሄ በጆሮ በደንብ የሚሰማ ለውጥ ነው። 14 ለ 1 በሆነ ባለጥርስ ላይ ግን ዘንጉ አንድ ዙር እንዲዞር እጀታው 14 ጊዜ መዞር አለበት። ያቺው የ10 ዲግሪ ንቅናቄ 0.04 ሚሊ ሜትር ብቻ ትስባለች። ፕላኔተሪው መሃል ላይ ነው። ከውጭ ሲያዩት ፍሪክሽን ይመስላል፣ እጀታው ወደ ኋላ ነው፣ ውስጡ ግን ትንንሽ ጥርሶች ተደብቀዋል። የጃፓኑ ጎቶህ ኩባንያ የሚሠራው 4 ለ 1 ነው።

ታዲያ የትኛውን? የእኔ ሐሳብ እንዲህ ነው። ዩኩሌሌ ከትንሹ ወደ ትልቁ ሶፕራኖ፣ ኮንሰርት፣ ቴነርና ባሪቶን ይባላል። ቴነርና ባሪቶን ላይ ባለጥርስ ግጠሙ፣ አትጨነቁ። ሶፕራኖ ላይ ግን ክብደት አስቡ። ሶፕራኖ ራሱ ከግማሽ ኪሎ የማይሞላ ዕቃ ነው፣ በላይኛው ጫፉ አራት የብረት ማርሽ ሲጫንበት ወደ ግራ ያዘነብላል፣ ቆማችሁ ስትጫወቱ ግራ እጃችሁ አንገቱን ሲሸከም ይውላል። ጣት ኮርድ ልትይዝ ነው ወይስ ዕቃ ልትሸከም? ለሶፕራኖና ለኮንሰርት ፕላኔተሪ ከተገኘ እሱን፣ ዋጋው ከከበደ ደህና ፍሪክሽን። በጣም ርካሹን ባለጥርስ ብቻ አትግዙ። ጥርሱ ላላ ያለ ከሆነ እጀታውን ወደ ግራና ቀኝ ስትነቀንቁት መሃል ላይ ባዶ ቦታ አለ፣ ያ ባዶ ቦታ ሁሌም ያናድዳችኋል።

የጊታር መቃኛ ቆርጦ መግጠም የሚያስብ ሰውም አለ። ስድስት ነው የሚመጣው፣ ሦስት የግራ ሦስት የቀኝ፣ እናንተ የምትፈልጉት ሁለት ሁለት ነው። ይሆናል፣ ግን ይከብዳል፤ ለሶፕራኖ አልመክርም።

ልኬት

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። አንድ ክር ብቻ አላሉና አንድ መቃኛ አውጡ። ሌሎቹን ለጊዜው ተዉአቸው፣ መሣሪያችሁ እስከዚያው መጫወቻነቱን አያጣም።

የመጀመሪያው ቁጥር የቀዳዳው ስፋት ነው። ከፊትም ከኋላም ለኩት። ሁለቱ እኩል ካልሆኑ ወይ ቀዳዳው ሾጣጣ ነው፣ ወይ ከፊት በኩል ቡሽንግ ተቀብሮበታል። ቡሽንግ የምለው ዘንጉ የሚያልፍበትን ትንሽ የብረት ቀለበት ነው። ካሊፐር፣ ማለትም ስፋትን በሚሊ ሜትር ቁራጭ የሚለካ መሣሪያ ካላችሁ ጥሩ። ከሌላችሁ የፑንታ፣ የመሰርሰሪያ ጫፍ ስብስብ ውሰዱና በለስላሳው ጭራቸው በኩል ቀዳዳው ውስጥ አንድ በአንድ አስገቡ። ባለ 8 በነጻነት ገብቶ ባለ 8.5 እምቢ ካለ ቀዳዳችሁ የት እንዳለ አወቃችሁ። ማስመሪያ አስጠግቶ በዓይን መገመት ግን ክልክል ነው። ያስጠቃኝ እሱ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። የባለጥርስ ዘንግ ብዙውን ጊዜ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሻጩ «6 ሚሊ ሜትር» ብሎ ሲጽፍ ስለ ዘንጉ ሊሆን ይችላል። ቀዳዳው ግን የሚያስተናግደው ዘንጉን ከነቡሽንጉ ነው፤ ተገፍቶ የሚገባው ዓይነት 8 ምናምን፣ ከፊት በዳዶ የሚታሰረው ዓይነት 10 ሊጠይቅ ይችላል። ስለዚህ የምትገዙት ዕቃ ሥዕላዊ መግለጫ ይኑረው፣ ቁጥሩ የየትኛው ክፍል እንደሆነ ይታይ። ሥዕል የሌለውን እኔ አልገዛም።

ሁለተኛው የዩኩሌሌው ራስ ውፍረት ነው። ፍሪክሽንና ፕላኔተሪ ላይ ይሄ ቁልፍ ነገር ነው፤ እንጨቱ ከወፈረ የፊተኛው ዳዶ የሚይዘው ጥርስ አያገኝም፣ ከሳሳ ደግሞ ዳዶው መጨረሻው ደርሶ መቃኛው አሁንም ይወዛወዛል። ሦስተኛው ከቀዳዳው መሃል እስከ እንጨቱ ጠርዝ ያለው ርቀት ነው። ባለጥርሱ ሰውነቱ ከኋላ ጠፍጣፋ ነው፣ እጀታው ከጠርዙ ወጥቶ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ካልኖረው መዞሪያ የለውም። በአንድ በኩል ባሉት ሁለት ቀዳዳዎች መካከል ያለውንም ለኩ፣ ሁለቱ መቃኛዎች እንዳይጋፉ። ወረቀት ላይ የአዲሱን መቃኛ መሠረት በልኩ ስላችሁ ቆርጣችሁ ራሱ ላይ አስቀምጡት። የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፣ ግን ምኑ ከምን እንደሚጋጭ ወዲያው ያሳያችኋል።

በመጨረሻ የድሮው መቃኛ የብሎን ቀዳዳዎች የት እንዳሉ እዩ። አዲሱ ከሸፈናቸው ጥሩ፤ ካልሸፈናቸው መሙላት አለባችሁ።

መፍታት

ከመፍታታችሁ በፊት ከፊትና ከኋላ ፎቶ አንሱ። የቱ በየት በኩል እንደሚዞር፣ ክሩ በየት በኩል እንደተጠመጠመ ያን ጊዜ ይጠፋችኋል።

ጠረጴዛ ላይ ወፍራም ፎጣ አንጥፉ፣ ሌላ ፎጣ ጠቅልላችሁ ከአንገቱ ሥር አድርጉ። ክሮቹን በየተራ ትንሽ ትንሽ እያላላችሁ አውጧቸው። ዩኩሌሌ ላይ አራቱንም አንዴ ብታወጡ አንገቱ ምንም አይሆንም፣ ግን ብሪጁ ላይ ያለችው ሳድል፣ ክሮቹ የሚያርፉባት ስስ ቁራጭ፣ ሳትጣበቅ ተቀምጣ ከሆነ ወድቃ ትጠፋለች። የግራና የቀኝ ጫፏ ከፍታው ሊለያይ ስለሚችል የቱ በየት እንደነበረ በእርሳስ ምልክት አድርጉባት። ባትሪና ፒክአፕ፣ ማለትም ድምፁን ወደ ማጉያ የሚወስድ ዕቃ ያለው ከሆነ ሳድሏን ጭራሽ አትንኳት።

ፍሪክሽኑን ስትፈቱ ነጭ ወረቀት ዘርጉና እያንዳንዱን ክፍል በወጣበት ቅደም ተከተል ደርድሩ። ብሎን፣ እጀታ፣ ሮንዴላ፣ አንዳንዴ ሞላ፣ ዘንግ። የሮንዴላው ቦታ ቢቀያየር መቃኛው ዳግመኛ አይዝም። ባለጥርሱን በተመለከተ ከኋላ ያሉትን ትንንሽ ብሎኖች በልክ በሆነ ካቻቢት ፍቱ። በልክ የምለው ጫፉ የብሎኑን መስቀል የሚሞላውን ነው። ያነሰ ካቻቢት የብሎኑን ራስ ይልጠዋል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ለቅሶ ነው።

ከፊት ያለው ቡሽንግ ተጣብቆ እምቢ ካለ በፒንሳ አትቆንጥጡት። ከኋላ በኩል ከቡሽንጉ ቀዳዳ ጥቂት የሚሰፋ፣ ከእንጨቱ ቀዳዳ የሚጠብ ክብ እንጨት አስገቡና በትንሽ መዶሻ ቀስ እያላችሁ ምቱት፣ ከፊት ደግሞ የዩኩሌሌው ራስ በደንብ መደገፉን እዩ። ቀለሙ ከቡሽንጉ ጋር ተያይዞ ከደረቀ በመጀመሪያ ዙሪያውን በስለት ስሱ መስመር ስጡት። እንዲህ ካላደረጋችሁ ቡሽንጉ ሲወጣ ቀለሙን ይዞ ይወጣል።

ቀዳዳው ሲሰፋ፣ ቀዳዳው ሲጠብ

ከሰፋ ቀላል ነው። የውጭ ስፋቱ ለድሮው ቀዳዳ፣ የውስጡ ለአዲሱ ዘንግ የሚሆን ማስተካከያ ቡሽንግ ይሸጣል። እንጨቱ ሳይነካ ነገሩ ያልቃል፣ ነገ ሐሳባችሁን ብትቀይሩም መመለስ ይቻላል። እሱ ከጠፋ ቀዳዳውን በጠንካራ ክብ እንጨትና በነጭ የእንጨት ኮላ ደፍኖ፣ አንድ ቀን አድርቆ፣ በልኩ እንደገና መብሳት ነው። ይሄኛው መሃሉን ማግኘት ይፈልጋል፤ እጅ ካልለመደ ለአናጺ መስጠት ነውር አይደለም።

ከጠበበ ነው ጣጣው። እንግዲህ ያልነገርኳችሁ ጉድ ይሄ ነው። እኔ የኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ አነሳሁ። ያለውን ቀዳዳ በሰፋ ፑንታ ላሰፋ። ፑንታው ገና ጫፉ እንደነካ የቀዳዳውን ጠርዝ ነከሰና ራሱን ሳበ፣ በአንድ ሰከንድ ወዲያ ማዶ ወጣ፣ ሲወጣም ከፊት ያለውን ስስ ጌጥ እንጨት እንደ ብስኩት ፈረፈረው። ፍርፋሪውን ከወለል ለቅሜ በኮላ ለጥፌዋለሁ። እስካሁን ያስታውቃል።

ስለዚህ በእጅ የሚዞር ሪመር ተጠቀሙ። ሾጣጣ ሆኖ ጎኑ ላይ ስለት ያለው የቀዳዳ ማስፊያ ነው። ከሌለ ክብ ሞረድ፣ እሱም ከሌለ ክብ እንጨት ላይ የተጠቀለለ ብርጭቆ ወረቀት። ቀዳዳው ዙሪያ ከፊትም ከኋላም የወረቀት ፕላስተር ለጥፉ። ሪመሩን ከፊት ጥቂት ዙር፣ ከኋላ ጥቂት ዙር አዙሩት፤ ከአንድ ወገን ብቻ ከሠራችሁ ቀዳዳው በአንድ በኩል ሰፊ፣ በሌላው ጠባብ ይሆናል። በየሁለት ሦስት ዙሩ አውጥታችሁ አዲሱን ቡሽንግ ሞክሩ። ጎንበስ ብላችሁ ከጎን እዩት፣ ሪመሩ በዩኩሌሌው ራስ ገጽ ላይ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። ቡሽንጉ በአውራ ጣት ግፊት ግማሽ ድረስ ሲገባ አቁሙ። የወጣ እንጨት አይመለስም።

የድሮ ብሎን ቀዳዳ መሙላት ቀላሉ ክፍል ነው። የስቴኪኒ ጫፍ ኮላ ነክራችሁ ሰኩት፣ ቦታ ካለ ሁለተኛ ጨምሩ፣ ሲደርቅ በስለት ከእንጨቱ እኩል ቁረጡት።

መግጠም

ባለጥርሱን እንውሰድ። ተገፍቶ የሚገባውን ቡሽንግ በመዶሻ አትቀጥቅጡት፣ የዩኩሌሌው ራስ ሊሰነጠቅ ይችላል። በእጅ ካልገባ ከፊትም ከኋላም ጠፍጣፋ እንጨት አድርጋችሁ በሞርሳ ቀስ ብላችሁ ተጭናችሁ አስገቡት። በዳዶ የሚታሰር ከሆነ መቃኛውን ከኋላ አስገቡ፣ ከፊት ሮንዴላውን አስቀምጡ፣ ዳዶውን በጣት ብቻ እስኪቆም አዙሩ። ገና አታጥብቁ።

አራቱን ደርድሩ። በአንድ ጥቅል ውስጥ ሁለቱ የግራ ሁለቱ የቀኝ ናቸው፤ ከተሳሳተ አንዱ እጀታ ከጓደኞቹ በተቃራኒ ይዞራል፣ በቃኛችሁ ቁጥርም ግራ ያጋባችኋል። በአንድ ወገን ያሉት ሁለቱ ቀጥ ማለታቸውን ለማየት ማስመሪያ አስጠጉባቸው። እዚህ አንድ ሚሊ ሜትር ብትጣመም ሥራውን አያበላሽም፣ ግን ባያችኋት ቁጥር ዓይናችሁ ውስጥ ትገባለች።

አሁን የብሎኖቹን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርጉና መቃኛውን አውጡ። ለብሎን መሪ ቀዳዳ ሳትበሱ አትሞክሩ። ፑንታው የብሎኑን ጥርስ ሳይጨምር የመሃል ግንዱን ያህል ይሁን፤ ብሎኑ 2 ሚሊ ሜትር ከሆነ 1.5 ገደማ። ብሎኑን ከፑንታው ጎን ይዛችሁ መግባት ያለበትን ያህል ለኩና ፑንታው ላይ እዚያ ቦታ የፕላስተር ባንዲራ ጠቅልሉ። ባንዲራው እንጨቱን ሲነካ አቁሙ፣ አለዚያ ፊት ለፊት ትወጣላችሁ። ፑንታውን በጣት እያዞራችሁ ብትበሱ እንኳ እንጨቱ እሺ ይላል።

ከመቃኛ ጋር የሚመጡት ብሎኖች ብዙ ጊዜ ልፍስፍስ ናቸው፤ ጠንካራ እንጨት ውስጥ ራሳቸው ይበጠሳል። እኔ እንደዚህ ነው የማደርገው፤ መጀመሪያ ያንኑ የሚያህል ጠንካራ የብረት ብሎን አስገብቼ አወጣለሁ፣ እንጨቱ ውስጥ ጥርስ ይሠራል፣ ከዚያ የራሱን ብሎን ሻማ ላይ አሽቼ አስገባለሁ። እንደ ቅቤ ነው የሚገባው። ብሎኑ ሲቆም በቃ፣ ተዉት። ከዚያ ከፊት ያለውን ዳዶ በቁልፍ ሩብ ዙር ጨምሩ። ሮንዴላው እንጨቱ ውስጥ ሲሰምጥ ካያችሁ አልፋችኋል።

ፍሪክሽንና ፕላኔተሪ ከዚህ ይቀላሉ። ብዙዎቹ ከኋላ ብሎን የላቸውም። አንዳንዱ ከሥሩ ትንሽ ሹል ነገር አለው፣ እንጨቱን ነክሶ ሰውነቱ እንዳይዞር ይይዘዋል፤ እጀታው በምትፈልጉት አቅጣጫ ተስተካክሎ ከሆነ ብቻ ተጫኑት፣ ሁለተኛ ዕድል ሁለተኛ ጠባሳ ነው። ከፊት ዳዶውን በጣት፣ ከዚያ በቁልፍ ትንሽ። ፕላኔተሪው ራሱን ችሎ ስለሚይዝ ውስጡን ለመፍታት አትሞክሩ።

ዘይት ነገር? ፍሪክሽን ላይ በጭራሽ። የሚይዘው በመፋተግ ነው፣ ዘይት ካገኘ አለቀለት። ጥርሱ የሚታይ ባለጥርስ ላይ ግን አንድ ጠብታ ቀጭን ዘይት ይጠቅማል። የተሸፈነው ምንም አይፈልግም።

ክር ማሰርና መቃኘት

አዲስ ክር ብትጠቀሙ ይሻላል። የድሮው ቀድሞ የተጠማዘዘበት ቦታ ከአዲሱ ዘንግ ጋር ስለማይገጥም እዚያ ላይ ሊበጠስ ይችላል።

ክሩ ከነት ተነስቶ ወደ ዘንጉ የውስጥ ጎን፣ ማለትም ወደ ራሱ መሃል ባለው ጎን ይሂድ። በዘንጉ ቀዳዳ አሳልፋችሁ 4 ወይም 5 ሳንቲ ሜትር ያህል አላሉት፣ ያ ሁለት ሦስት ጥምጥም ይሰጣችኋል። ጥምጥሙ ከላይ ወደ ታች ይውረድ፣ አንዱ ባንዱ ላይ አይውጣ። ፍሪክሽን ላይ ብዙ ጥምጥም አታድርጉ፣ በተደራረበ ቁጥር የዘንጉ ውፍረት ጨመረ ማለት ነው፣ መቃኘቱም ይብስ ይሻክራል። ናይለን የሚያዳልጥ ከሆነ ጫፉን በቀዳዳው ሁለቴ አሳልፉት።

ቅኝቱ የተለመደው ከላይ ወደ ታች ጂ፣ ሲ፣ ኢ፣ ኤ ነው፤ በሌላው አጠራር ሶል፣ ዶ፣ ሚ፣ ላ። ኤ 440 ሄርዝ፣ ጂ 392፣ ኢ 330 ገደማ፣ ሲ 262 ገደማ። ልብ በሉ፣ ላይኛው ጂ ከሲም ከኢም ይበልጣል። ጀማሪ ሁሌ ቀጭኑ ክር የት እንደሚገባ የሚጠፋው እዚህ ነው። ባሪቶን ከሆነ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ኢ።

ስትቃኙ ሁሌም ከታች ወደ ላይ ድረሱ። ከፍ ካለባችሁ ከሚፈለገው በታች አውርዱና እንደገና ውጡ። እንዲህ ሲሆን ጥርሶቹ መሃል ያለው ባዶ ቦታ ይሞላል፣ ክሩም በኋላ አይሸሽም። ፍሪክሽን ላይ ደግሞ እያዞራችሁ እጀታውን በቀስታ ወደ እንጨቱ ግፉት። የእጀታዋን ብሎን የምታስተካክሉት ክሩ ተወጥሮ ሳለ ነው፤ ባዶውን ጠበቅ ያለ የመሰለው ክር ሲስበው ይለቃል። ክሩን ይዞ መቆም የቻለበት ቦታ ላይ አቁሙ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ጣት ማድከም ነው።

ክሮቹን 12ኛው ፍሬት፣ ማለትም አንገቱ ላይ ካሉት የብረት መስመሮች 12ኛው አካባቢ ይዛችሁ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ከእንጨቱ ሳብ እያደረጋችሁ መልሱ፣ ቃኙ፣ እንደገና። የተረፈውን ጫፍ ዛሬ አትቁረጡ። ሁለት ሦስት ቀን ቆይቶ ክሩ ሲረጋ ቁረጡ፣ ግማሽ ሳንቲ ሜትር አስቀሩ። ያቺን የነጥብ ሙከራም አሁን ድገሟት። ነጥቡ ካልተነቃነቀ ሥራው ሠርቷል፣ ድምፁ ቢወርድ የክሩ መለጠጥ ነው።

ከሳምንት በኋላ ዳዶዎቹን በጣት ነካ ነካ አድርጓቸው። እንጨት ሲጫኑት ጥቂት ይሸሻል፣ አንዱ ላላ ብሎ ይጠብቃችኋል። ትንሽ አጥብቁት። ካላጠበቃችሁት ስትጫወቱ «ዝዝዝ» የሚል ድምፅ ይሰጣል፣ እናንተም ጥፋቱን ፍሬት ላይ ስትፈልጉ ትከርማላችሁ። እኔ አንዴ ሁለት ቀን ፈልጌዋለሁ።

የድሮዎቹን መቃኛዎች አትጣሉ። ከብሎኖቻቸውና ከሮንዴላዎቻቸው ጋር አንድ ፌስታል ውስጥ ቋጥሯቸው። የቀዳዳውን ስፋትና የራሱን ውፍረትም በቁራጭ ወረቀት ጽፋችሁ እዚያው ክተቱ፣ ሌላ ጊዜ ስትቀይሩ እንደ አዲስ መፍታት አይጠበቅባችሁም።